ካርቦን ፋይበር ከብረት ይጠነክራል ከተባለ ታይታን ለምን ተሰባበረች?

ታይታን ትዝ ትላችኋለች? እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 2023 የታይታኒክን ቅሪት ለማየት አምስት ሰዎች ይዛ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የገባችው ሰርጓጅ ናት። ለቀናት ከተፈለገች በኋላ የተገኘው ስብርባሪዋ ነው። አምስቱም ሞተዋል።

ያኔ ብዙ ሰው ግራ ተጋብቶ ነበር። ካርቦን ፋይበር ከብረት ይጠነክራል ይባል የለ እንዴ?

ይጠነክራል። ግን በሁሉም አቅጣጫ አይደለም።

👉 ካርቦን ፋይበር ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ክሮቹ በኤፖክሲ ሙጫ ይነከሩና እንደ ኮምፔርሳቶ ተደራርበው በሙቀት ይጠነክራሉ። ክሩን በርዝመቱ ብትጎትቱት ጉልበቱ ጉድ ያሰኛል። በአንዱና በሌላው ንብርብር መሀል ግን የሚያልፍ ክር የለም፤ የያዛቸው ሙጫው ብቻ ነው። ንብርብሮቹ ሲላቀቁ ባለሙያዎች "ዲላሚኔሽን" ይሉታል።

👉 ጣጣው የሚብሰው ቅርፁ ሲጎብጥ ነው። እንደ ክርን የታጠፈ ዕቃ ለማቃናት ስትሞክሩ የውስጠኛው ንብርብር ወደ ውስጥ፣ የውጨኛው ወደ ውጭ ይሸሻል። መሀል ላይ ሙጫው ይቀደዳል። መታጠፊያው በጠበበ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። የጫማችሁ ሶል ቀድሞ የሚላቀቀው የት ጋ እንደሆነ አስቡት፤ የሚታጠፍበት ጋ ነው አይደል?

የታይታን አካል 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የካርቦን ፋይበር ሲሊንደር ነበር። በአምስት ዙር ነው የተሠራው፤ በየዙሩ የተሸበሸበው እየተሞረደ ቀጣዩ ንብርብር ይለጠፍበት ነበር። የአሜሪካ መርማሪዎች ናሙናውን ሲያዩ ሽብሽብና ባዶ ቀዳዳዎች አገኙ።

ታይታኒክ ያለበት 3,800 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ እዚህ ላይ ካለው አየር 380 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። አንድ ወረቀት አቁማችሁ ከላይ ብትጫኑት ወዲያው ይጎብጣል። ወረቀቶቹ ተጣብቀው አንድ ወፍራም ደብተር ከሆኑ ግን ይችሉታል። ንብርብር ተላቀቀ ማለት ደብተሩ ወደ ነጠላ ወረቀት ተመለሰ ማለት ነው።

በጣም የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያ መኖሩ ነው። ጁላይ 15 ቀን 2022፣ በ80ኛው ጉዞ፣ ታይታን ወደ ላይ ስትወጣ ከባድ የፍንዳታ ድምፅ ተሰምቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አካሏ ላይ ያሉት ሴንሰሮች የሚያሳዩት ንባብ ተቀየረ። ጉዞው ግን ቀጠለ።

✈️ "ቦሌ የምናያቸው ድሪምላይነሮችስ?" ትሉ ይሆናል። 787 በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከእንዲህ ዓይነት ድርብርብ ቁስ የተሠራ ነው። ግን አውሮፕላን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚገፋው፤ ክሩም ይለጠጣል፣ ያ ደግሞ ጠንካራ ጎኑ ነው። የግፊቱ ልዩነትም ከአንድ የአየር ግፊት በታች ነው።

ያም ሆኖ በዝም ብሎ እምነት አይበርም። የተላቀቀ ንብርብር ከውጭ በዓይን ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ቴክኒሻኖች በአልትራሳውንድ ይመረምሩታል፤ አንዳንዴም ልክ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው መታ መታ አድርገው ያዳምጣሉ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው የታፈነ።

ታይታንም ድምፅ ሰጥታ ነበር። ሰሚ ነው ያጣችው።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉት 👇