መቲ ላይ አንድ ቀን እረፉ

የማጃንግን ደን በእግር የምታቋርጡ፣ መቲ ስትደርሱ አንድ ሙሉ ቀን እረፉ። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ይህ ደን እርጥብ ነው፤ ካልሲ ቶሎ አይደርቅም፣ የራሰ ቆዳ ደግሞ ይለሰልስና ጫማ ሲፈትገው ውኃ ይቋጥራል። ጫማችሁን አውልቁ፣ ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ እግራችሁን በነጠላ ጫማ አናፍሱት። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ ያመረቅዛል።

መቲ የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ ናትና ስንቅ እዚያው ሙሉ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ጨው። ማሩን ግን ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ከሚሰቅሉት ማጃንጎች ግዙ። በማር የታሸ በሶ ጉልበት ይሰጣል፤ ገንዘቡም ደኑን ጠብቀው ላቆዩት ሰዎች ይደርሳል። እንደ አስጎብኚ ከሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው።

አካባቢው ወባ አለበት። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ ሳትመረመሩ ከከተማዋ አትውጡ።