ሰላጣም ምሳ ይሆናል

በብዙዎቻችን ዘንድ ሰላጣ ከዋናው ምግብ አጠገብ የሚቀርብ ማጀቢያ እንጂ ራሱን ችሎ የሚያጠግብ ምግብ ተደርጎ አይቈጠርም። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጠል፥ ቲማቲምና ሽንኩርት ተከትፎ ሎሚ ሲጨመቅበት ለዓይን ያማረ፥ ለአፍም የጣፈጠ ቢሆንም ሆድ አይዝም። በጾም ቀን ይህንኑ በዳቦ በልቶ ወደ ቢሮው የሚመለስ ወጣት ሠራተኛ ወይም ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ተማሪ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሆዱ ይጮኽበታል፤ ሐሳቡም ከሥራው ይልቅ ወደ ራቱ ያዘነብላል። ጥፋቱ ግን የሰላጣነቱ አይደለም፤ ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን በውስጡ ስለሌለ ነው።

ይህን ጉድለት አሳምረው ከሞሉት ሕዝቦች መካከል በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖሩት ሻኖች ይገኙበታል። አገራቸው ቀድሞ በርማ ትባል የነበረችው፥ ከ1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ በይፋ ምያንማር የተባለችው ናት፤ የሻን ግዛትም በምሥራቅ ክፍሏ ይገኛል። ቶፉ የተባለው ምግብ በቻይናና በጃፓን ከአኩሪ አተር ወተት ተረግቶ የሚሠራ፥ አይብ የሚመስል ነገር ነው። ሻኖች ግን ቶፉአቸውን የሚሠሩት ከሽምብራ ዱቄት ነው። የሽምብራው ዱቄት በውሃ ሲበስል ውሃውን እየጠጣ ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝም በቢላዋ እስኪቈረጥ ድረስ ይጠነክራል። ስለዚህ እንደ አኩሪ አተሩ ቶፉ የሚያረጋ ልዩ መድኃኒት አያስፈልገውም። ይህ ተቈርጦ በኮምጣጣ፥ በጨው፥ በሚያቃጥልና በሚሸት ቅመም ሲታሽ በአገሩ ቋንቋ ቶፉ ቶክ ይባላል፤ ቶክ ማለት የተደባለቀ እንደ ማለት ነው።

የሽምብራ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ሽምብራ በማምረት ግንባር ቀደም ናት። ከሽምብራ ዱቄት ተበስሎ በሎሚና በቃሪያ የሚበላውን ቡጢቻ፥ ሊጡ በዓሣ መልክ ተቀርጾ የሚጠበሰውንም የሽምብራ ዓሣ የማያውቅ የጾም ገበታ ጥቂት ነው። እንግዲህ ከሻኖች የምንማረው እህሉን ሳይሆን አያያዙን ነው ማለት ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። በመቶ ግራም የሽምብራ ዱቄት ውስጥ 22 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል፤ በመቶ ግራም ለውዝ፥ ማለት ኦቾሎኒ፥ ውስጥ 25 ግራም ያህል አለ። በመቶ ግራም ጥቅል ጎመን ውስጥ ያለው ግን ከ2 ግራም ያንሳል። ጤነኛ ጎልማሳ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ስለዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 50 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች በተመለከተው መጠን ሰላጣው ለሁለት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 24 ግራም ያህል ይደርሰዋል፤ ይኸውም የቀኑ እኩሌታ ነው።

ለሁለት ሰው 150 ግራም የሽምብራ ዱቄት ይበቃል። ዱቄቱ ቅመም ያልገባበት፥ ሳይታመስ የተፈጨ መሆን አለበት፤ በርበሬ የገባበት ሽሮ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውሃው 700 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በብርጭቆ ለሚለካ ሰው ለአንድ ብርጭቆ ዱቄት ከሁለት ብርጭቆ ጥቂት ከፍ ያለ ውሃ ይሆናል። በግማሹ ውሃ ዱቄቱን፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ ማንኪያ እርድ ጨምሮ ጓጐል እስኪጠፋ መበጥበጥ ነው። የቀረው ውሃ ሲፈላ ብጥብጡ በቀስታ ይጨመርበትና በመጠነኛ እሳት ላይ እጅ ሳያቋርጥ ከስምንት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይማሰላል። ወፍሮ ሲያብረቀርቅ፥ የጥሬ ዱቄት ሽታውም ሲጠፋ ዘይት በተቀባ ሳሕን ላይ ይገለበጣል። በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ስለሚረጋ በጣት ውፍረት ይቈረጣል።

ቶፉው ብቻውን ለስላሳና ጣዕሙ ዝግ ያለ ነው፤ የሚያነቃው ማጣፈጫው ነው። አራት አምስት ፍንክት ነጭ ሽንኩርት በስሱ ተከትፎ በሦስት ማንኪያ ዘይት፥ በለዘብታ እሳት ወርቅ እስኪመስል ይጠበሳል፤ ከጠቈረ ግን ይመራልና ቶሎ ማውጣት ይገባል። ከዘይቱ ጋር ሁለት ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም በውሃ ተዘፍዝፎ የተጠለለ ሁመር፥ አንድ ማንኪያ ሶያ ሶስና እንደ አፍ መጠን ሚጥሚጣ ይቀላቀላል። በርማዎች በብዙ ሰላጣቸው የደረቀ ሽሪምፕ ወይም የዓሣ መረቅ ይጨምራሉ፤ ለጾመኛ ይህ ይቀራል፤ ጨውነቱን ሶያ ሶሱ ይተካዋል።

ከዚያ በኋላ በስሱ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፥ ካሮት፥ ቀይ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ከቶፉው ጋር ይደባለቃል። ማጣፈጫው የሚፈስበት ሊበላ ሲል ብቻ ነው፤ አስቀድሞ ከፈሰሰበት ጨው ከጎመኑ ውሃ ስለሚስብ ሰላጣው ይልማል። በመጨረሻ 60 ግራም የተቈላና የተከካ ለውዝ፥ እንዲሁም አንድ ማንኪያ የሽምብራ ቆሎ ተወቅጦ ይነሰነስበታል። ይህ ሲታኘክ የሚንኰሻኰሸው ለለስላሳው ቶፉ ጓደኛ ነው።

ሰላጣው በእንጀራ ወይም በዳቦ ቢበላ ይበልጥ ይጠቅማል፤ በጥራጥሬ ፕሮቲን የሚያንሰውን የእህሉ ፕሮቲን፥ በእህሉ የሚያንሰውንም ጥራጥሬው ያሟላሉና። በአንዲት ምድጃና በአንድ ድስት በኪራይ ክፍል ለሚኖር ወጣትም ሥራው አይከብድም፤ ቶፉውን ማታ አርግቶ ቢያድር፥ ማለዳ የሚቀረው መክተፍ ብቻ ነው። ማጣፈጫውን በትንሽ ጠርሙስ ለብቻው ይዞ ቢሄድ ምሳውን በቢሮው ወይም በትምህርት ቤቱ ይበላል። ሽምብራ ከገበያችን አልጠፋ፤ ሎሚና ሚጥሚጣውም ከጓዳችን አልራቁ። የጾም ምሳ ለሆድ ማታለያ ሳይሆን ለሥራ ስንቅ እንዲሆን ጥቂት ማሰብና አንድ ሰዓት ቀድሞ መዘጋጀት ይበቃል።