የፕሮግራም ግምጃ ቤት በምን ይሠራ?

ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ የደመወዝ ፕሮግራም ሠርተን አስረክበን ነበር። ቆይቶ ስህተት ተገኘበትና እንድናርም ተጠራን። ኮምፒዩተሬን ስከፍት «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፎልደሮች ጠበቁኝ። ደንበኛው ዘንድ ያለው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ሠራተኞቹም ደመወዛቸውን ዘግይተው ተቀበሉ።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ኮዱን፣ ንድፉንና የቀድሞ ቅጂዎቹን በሙሉ በአንድ ዳታቤዝ ማስቀመጥ ነው። ግን በምን ዓይነት ዳታቤዝ?

የባንክ ሒሳብ በሰንጠረዥ ለማስቀመጥ ይመቻል። ፕሮግራም ግን እርስ በርሱ የተሳሰረ ነው፤ አንዱ ክፍል ሌላውን ይጠራል፣ ያም ሦስተኛውን። በሰንጠረዥ ከበታተኑት መልሶ መገጣጠሙ አድካሚ ነው። በዚያ ላይ የባንክ ክፍያ በሰከንዶች ያልቃል፤ ፕሮግራመር ግን አንዱን ክፍል ይዞ ቀናት ሊቆይ ይችላል። እስኪጨርስ ሌላው ሁሉ ተቆልፎበት መጠበቅ የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብቅ ያሉት ኦብጀክት ኦሪየንትድ ዳታቤዞች፣ ለምሳሌ ጀምስቶን፣ መረጃን ከነዝምድናው እንዳለ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ለሶፍትዌር ሥራ ተስማሚ ግምጃ ቤት ይሆናሉ ተብሎ ብዙ ተጠብቆባቸው ነበር።

ችግሩ ከመውጫው በር ላይ ነው። የአይቢኤም ቪዥዋልኤጅ ፎር ጃቫ፣ ምንም እንኳ ከእነዚህ ዳታቤዞች ጋር አንድ ባይሆንም፣ ኮዱን የሚይዘው በተራ ፋይል ሳይሆን በራሱ ማከማቻ ውስጥ ነበር። የለውጡ ታሪክ አይጠፋም፤ ሆኖም ሌላ መሣሪያ ኮዱን እንዲያነበው መጀመሪያ ወደ ፋይል ማውጣት ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ ክፍት የሆነው ኤክሊፕስ ወደ ተራ ፋይል ተመለሰ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት የፋይሉን ይዘት፣ የፎልደሩን ዝርዝርና እያንዳንዱን የለውጥ መዝገብ በውስጡ ኦብጀክት አድርጎ ይይዛል። ለፕሮግራመሩ የሚያቀርበው ግን ማንኛውም መሣሪያ የሚያነበው ተራ ፋይል ነው።

እኔም ከዚያ የደመወዝ ጉዳይ ወዲህ ማከማቻ ስመርጥ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የሥራዬን ታሪክ ይጠብቅልኛል? ነገ ልተወው ብል ደግሞ ሥራዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ? ሁለቱንም የማይመልስ ግምጃ ቤት፣ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ ይቆጠራል።