መጽሐፍ ወደ ቤት የሚልክ ቤተ መጻሕፍት

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንዱ በግቢው ውስጥ ነው፤ ተማሪው በትርፍ ክፍለ ጊዜው ገብቶ ያነባል፣ መምህሩም ለትምህርቱ ማጣቀሻ ይፈልጋል። ሌላው መጽሐፍን ለቤት ማዋስ ነው። በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው በመጠኑም ቢሆን የተለመደ ሲሆን ሁለተኛው ብዙም አይሠራበትም። ለሕፃናት ንባብ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ይኸው ሁለተኛው ነው። በፈረቃ የሚማር ልጅ የቀኑን ግማሽ የሚያሳልፈው ከትምህርት ቤት ውጭ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓላትና ክረምት ሲጨመሩበት መጽሐፍ ሊያነብ የሚችልበት ሰፊው ጊዜ የቤቱ ጊዜ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍቱ በበኩሉ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ መደርደሪያው ላይ ምን አለ የሚለው ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ክፍል ሲከፈት የሚገኘው ዘመኑ ያለፈበት የመማሪያ መጽሐፍ ቁልል፣ በእርዳታ የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍና ጥቂት መዝገበ ቃላት ነው። ይህ ስብስብ ለ8ኛ ክፍል ተማሪ አልፎ አልፎ ይጠቅም ይሆናል፤ የ2ኛ ክፍል ልጅ ግን ከዚህ መካከል ይዞት የሚሄደው ነገር አያገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በልጆች አፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ የኅትመቱ ጉልበት በአመዛኙ ወደ መማሪያ መጽሐፍ ዞረ። ይህ የሚያስወቅስ አልነበረም። ልጅ ማንም ሳያዘው ደስ ብሎት የሚያነበው አጭር የተረት መጽሐፍ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

ጉድለቱን ከሩቅ አገር ሆነው ካዩት ሰዎች አንዱ በነገሌ ቦረና የተወለዱት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ከተሰበሰቡት የልጆች መጻሕፍት መካከል በአማርኛ የተጻፈ ማግኘት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1998 በኋላ «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ በልጅነቷ በማጂ ያደገችው አሜሪካዊት የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ጄን ከርትዝም አብራቸው ሠራች። አንድ የአገር ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በመኖሪያ ቤታቸው ከፈቱ። ቀጥሎ በሐዋሳ መጻሕፍት የጫነ ጋሪ በአህያ እየተጎተተ ልጆች ወዳሉበት መሄድ ጀመረ። በሾላ ልጁ ወደ መጽሐፉ ይመጣል፣ በሐዋሳ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሄዳል። ለቤት የሚያውስ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሦስተኛው መንገድ ነው፤ አህያም ጋሪም አያስፈልገውም፣ ማታ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ልጅ ራሱ መጽሐፉን ያደርሰዋል።

ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ የራሱ ጠባይ አለው። በፊደል ገበታው ላይ ያሉት 33 ፊደላት በሰባቱ ድምፅ ሲዘረዘሩ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፤ እንደ ሏ፣ ቧ፣ ጓ ያሉት ዲቃላዎች ሲታከሉ ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ የሚወርድ ልጅ ሁሉ አንዱን ፊደል ነጥለው ሲያሳዩት አይለየውም። የቀድሞዎቹ የኔታዎች ይህን ስለሚያውቁ ልጁ ከፊደል ቁጥር በኋላ ቅደም ተከተሉ በተፋለሰው በአቡጊዳ እንዲያልፍ ያደርጉ ነበር። ጥሩ የጀማሪ መጽሐፍም በሌላ መንገድ ይህንኑ ይሠራል፤ በገጹ ላይ አንድ ወይም ሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ጎላ ያለ ፊደል፣ ቃሉን የሚያስረዳ ሥዕል ይኖረዋል፣ ተመሳሳይ ቃላትም ከገጽ ገጽ እየተመላለሱ ይመጣሉ። ልጁ «ላም» የሚለውን በስድስት ገጽ ላይ ስድስት ጊዜ ካገኘው ሰባተኛው ላይ ሳይቆጥር ያነበዋል።

አማርኛ በጽሕፈት የማያሳየው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መጥበቅና መላላት። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። «ዋና»ም እንዲሁ ነው፤ አንዱ በውኃ ውስጥ ነው፣ ሌላው የነገሩ ራስ ነው። የጎለመሰ አንባቢ ዐረፍተ ነገሩን ዓይቶ ይፈርዳል፤ የ2ኛ ክፍል ልጅ ግን ቃሉን በድምፅ አውጥቶት ጆሮው እስኪሰማው ድረስ ይጠራጠራል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ በአማርኛ ማንበብ ማለት በአብዛኛው ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ስድሳ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ በየቀኑ ማድመጥ አይችልም። ቤት ውስጥ ግን የሚያደምጥ ሰው አይጠፋም።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና አሳይቷል። ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ልጆቹ ከአንድ ዓመት በላይ ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል፤ ለብዙዎቹ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ የሚነበብ ነገር በእጃቸው አልነበረም።

የማዋሱ አሠራር ቀላል ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍታቸውን እ.ኤ.አ. በ1876 በወጣው የዱዊ አሠራር በአሥር የዕውቀት ዘርፍ ይከፍላሉ፤ ለአንደኛ ደረጃ ግን በጀርባው ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀለም ወረቀት ይበቃል። ቀዩ ለጀማሪ፣ ቢጫው ትንሽ ለተራመደ፣ አረንጓዴው ሳይረዳ ለሚያነብ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥርና የትምህርት ቤቱ ማኅተም ይደረግበታል፣ በላስቲክ ይለበዳል። መዝገቡ አምስት ዓምድ አለው፤ የተማሪው ስም፣ ክፍሉ፣ የመጽሐፉ ቁጥር፣ የወጣበት ቀንና የተመለሰበት ቀን። ግርግር እንዳይፈጠር ለእያንዳንዱ ክፍል በሳምንት አንድ የውሰት ቀን ይመደባል፤ 1ኛ ክፍል ሰኞ፣ 2ኛ ክፍል ማክሰኞ እየተባለ። ልጁ ያለፈውን ሳምንት መጽሐፍ መልሶ ሌላ ይመርጣል። ምርጫው የልጁ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ መምህሩ እየመረጠ የሚያድለው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ይመለሳል። አንድ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወስድም ሊከለከል አይገባም፤ በቃሉ የያዘውን ታሪክ ከፊደሉ ጋር እያስተያየ ነው። መዝገቡን የ6ኛና የ7ኛ ክፍል የንባብ ክበብ አባላት ሊይዙት ስለሚችሉ ሥራው በአንድ ሠራተኛ ትከሻ ላይ አይወድቅም።

ታዲያ አሠራሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ መጻሕፍቱ ለምን ከክፍሉ አይወጡም? መልሱ ያለው ከንብረት አያያዙ ላይ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት መጽሐፍ እንደማንኛውም ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ተረካቢው ሠራተኛ በስሙ ይጠየቅበታል። የጎደለ መጽሐፍ ከኪሱ እንዳይወጣ የሚሰጋ ሠራተኛ ቁልፉን ማጥበቁ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚፈታው ስለ ንባብ ጥቅም ለሠራተኛው በመስበክ አይደለም፤ ተጠያቂነቱን በመቀየር ነው። ርእሰ መምህሩና የወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) አስቀድመው ተነጋግረው፣ ስስ ሽፋን ያላቸው የተረት መጻሕፍት በአገልግሎት የሚያልቁ መሆናቸውን፣ በዓመት ምን ያህሉ ቢጎድል ሠራተኛው እንደማይጠየቅ በቃለ ጉባኤ ሊያሰፍሩ ይችላሉ። ጠመኔ ሲያልቅ የሚጠየቅ መምህር የለም። አሥራ ስድስት ገጽ ያለው የልጆች መጽሐፍም በሠላሳ ቤት ዞሮ ከተቀደደ ሥራውን ሠርቷል።

ፍርሃቱ በወላጅም በኩል አለ። መጽሐፉ ቢጠፋ እንከፍላለን ብለው የሚሰጉ ቤተሰቦች ልጁን «አታምጣ» ይሉታል፣ ወይም መጽሐፉን ከሣጥን ውስጥ ቆልፈው በቀኑ ይመልሱታል። ስለዚህ ቅጣት የሌለበት ውሰት ይበልጥ ይነበባል። የተቀደደውን ልጁ ራሱ በማጣበቂያ ጠግኖ እንዲያመጣ ማድረግ ከገንዘብ ቅጣት የተሻለ ነው። ይህ ሁሉ በዓመቱ መጀመሪያ የወላጆች ስብሰባ ላይ በቃል ቢነገር ይመረጣል፤ ለወላጅ የሚላክ ደብዳቤ ማንበብ ለማይችሉት አይደርስም።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆች በዚህ ሥራ ውስጥ ያላቸው ቦታ ከሚገመተው በላይ ነው። እናት ቡና እስኪፈላ ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያነብላት ታሪኩን የምትሰማው ከልቧ ነው፤ ትርጉም የሌለው ነገር ስትሰማም «ምን አልክ? እስቲ ድገመው» ትላለች። የሳተው ልጅ የሚታረመው በዚህ ነው። አባት ሥዕሉን ዓይቶ «ይሄ ሰውዬ ወዴት እየሄደ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት፣ ወላጆች ለትንንሽ ልጆቻቸው ሲያነቡ እየቆሙ እንዲጠይቁ፣ መልሱንም እንዲያሰፉ አሠልጥነው ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ እነዚህ ልጆች ዝም ብሎ ከተነበበላቸው በንግግር ችሎታ በልጠው ተገኙ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ ለዚህ አዲስ አይደለም። እንቆቅልሽ የሚጠያየቁ፣ ተረት ሲነገር በየመካከሉ «ከዚያስ?» የሚሉ ልጆች መጠየቅና መመለስ ለምደው ያደጉ ናቸው። የሚቀረው ያንን ልማድ ከመጽሐፉ ጋር ማገናኘት ነው።

ታላቅ እኅት ወይም ወንድም ደግሞ ከሁሉ የተሻለ አድማጭ ነው። የ5ኛ ክፍል ተማሪ በተራው ለታናሹ ሲያነብ ለራሱ የማያፍርበት ቀላል መጽሐፍ ያገኛል፤ በንባብ ወደ ኋላ ለቀረ ትልቅ ልጅ ይህ ክብሩን ሳይነኩ መርጃ መንገድ ነው። መብራት በሌለበት ቤት ሰዓቱ ከመምሸቱ በፊት ይሁን፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቤቱን የፈተና ክፍል ማድረግ ግን ነገሩን ያበላሸዋል። በእያንዳንዱ ስሕተት ላይ የሚያቆም ታላቅ፣ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ በኋላ አምስት ጥያቄና ማጠቃለያ የሚያዝ መምህር ልጁን በሳምንቱ ቀጭኑን መጽሐፍ እንዲመርጥ ያስተምሩታል። ከልጁ የሚጠበቀው «ወደድኩት» ወይም «አልወደድኩትም» ማለት ብቻ ቢሆን በቂ ነው።

መጽሐፉ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ዛሬ እንደ ድሮው አያሰናክልም። የደቡብ አፍሪካው ሳይዴ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች አጫጭር የሥዕል ታሪኮችን ማንም በነጻ አውርዶ እንዲያትም ፈቅዷል፤ ማተሚያ ያለው ትምህርት ቤት በወረቀትና በቀለም ዋጋ ብቻ ስብስቡን ማሳደግ ይችላል። በኢትዮጵያ ሪድስ ዙሪያ የተዘጋጁት «ሬዲ ሴት ጎ» መጻሕፍት ደግሞ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን ታትመዋል። እነዚህ በውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆችም ይሆናሉ፤ አማርኛ መስማት እንጂ ማንበብ የማይችል ልጅ በእንግሊዝኛው ታሪኩን ይዞ ወደ አማርኛው ይሻገራል። በአገር ቤት ተማሪዎች ራሳቸው ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት ጽፈውና ሥለው በክር የሚሰፉት መጽሐፍም በመደርደሪያው ላይ ቦታ ይገባዋል። ወረቀቱ ተራ ነው፤ ጸሐፊውን የሚያውቁት ልጆች ግን ወረፋ ይይዙበታል።

ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ በሰኔ መጻሕፍቱን ሁሉ ሰብስበው፣ ቆጥረው፣ ይቆልፋሉ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ልጆች ረጅሙን ጊዜ ያለ ንባብ የሚያሳልፉባቸው ወራት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል ፍራንዘን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት የፍሎሪዳ ጥናት የዚህን ዋጋ ለክቶታል። በድሃ አካባቢ ያሉ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ለሦስት ተከታታይ ዕረፍት በየዓመቱ ራሳቸው የመረጧቸውን 12 መጻሕፍት ያህል እንዲወስዱ ተደረገ፤ በንባብ ፈተና ያሳዩት ለውጥ በዕረፍት ጊዜ ትምህርት ቤት ከመሄድ ከሚገኘው ጋር የሚቀራረብ ሆነ። ሥልጠናም ተጨማሪ መምህርም አልነበረበትም፤ መጻሕፍቱ ብቻ ወደ ቤት ሄዱ።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የቆጠራውን ቀን መለወጥ ነው። ቆጠራው ከሰኔ ወደ መስከረም ቢዛወር፣ እያንዳንዱ ልጅ የዓመቱን የውጤት ካርድ ሲቀበል ሦስት ወይም አራት መጽሐፍ አብሮ ይዞ ይሄዳል፤ ለአዲሱ ዓመት ሊመዘገብ ሲመጣ ይመልሳል። ምዝገባው ወላጅን ስለሚያመጣ የሚቀረው መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ያልተመለሱትም በዚያው ዕለት ወላጁ ባሉበት ከመዝገቡ ላይ ይታያሉ።