የድምፅ ጓዳ ሥርዓት፦ መሣሪያዎችንና ኢፌክቶችን በሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ውስጥ ስለ ማደራጀት



ንግግሬን በአንድ ጥፋት ልጀምር፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አዛውንት የማሲንቆ ተጫዋች ቀርጬ ነበር። የማሲንቆው ድምፅ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ስላለኝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት የሚያስተካክል ኢፌክት ጫንሁበት፤ ኮምፕሬሰርና ሪቨርብም ጨመርሁ። ኮምፒውተሬ ሥራው ሲከብደው ትራኩን ከነኢፌክቶቹ ወደ አንድ የድምፅ ፋይል ለወጥሁትና የመጀመሪያውን ቅጂ «ቦታ ያጣብባል» ብዬ አጠፋሁት። የተረፈው ፋይል ስም «ኦዲዮ 14» ነበር። ከጊዜ በኋላ የእኚህን ሰው የአምባሰል አቃኘት ለማጥናት ፋይሉን ስከፍት፣ የእርሳቸው ጣት የሠራው ርቀት ጠፍቶ የኪቦርዱ ርቀት ተተክቶበት አገኘሁት። እንደገና እንዳልቀርጻቸው እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም።

የፕሮጀክት ፋይልን ማደራጀት ለብዙዎች የጽዳት ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የማስታወስ ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ነገ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ማን ምን እንደ ተጫወተና እኛ ምን እንደ ጨመርንበት ለይቶ ማወቅ አለበት።

ችግሩ ከየት መጣ? ቀድሞ ሪቨርብም ሆነ ኮምፕሬሰር ራሱን የቻለ፣ ውድ የሆነ ዕቃ ነበር። አንድ ስቱዲዮ የሚኖረው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ባለሙያው የትኛውን ለየትኛው መሣሪያ እንደሚያውል አስቀድሞ ያስብ ነበር፤ እጥረቱ ራሱ ሥርዓት ያስተምር ነበር። ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ቪ.ኤስ.ቲ. የተባለውን የፕለጊን ሥርዓት ካስተዋወቀ ወዲህ ግን እነዚያ ዕቃዎች በኮምፒውተር ውስጥ የሚባዙ ሆኑ። ዛሬ አንድ ተማሪ በሃያ ትራክ ላይ ሃያ ሪቨርብ ለመደርደር ከጣቱ በቀር የሚያደክመው ነገር የለም። ስለዚህ ያ ሥርዓት አሁን ከእኛ መምጣት አለበት። አብሌተን ላይቭን፣ ኩቤዝን ወይም ሌላውን ብትጠቀሙ የሚከተሉት መርሖች አይለወጡም።

የመጀመሪያው የኢፌክቶች ቅደም ተከተል ነው። ድምፅ በሰንሰለቱ ውስጥ እንደ ውኃ በቦይ ያልፋል፤ የፊተኛው የለወጠውን የኋለኛው ይቀበላል። የክራር ተጫዋች በእግሩ ምት ሲጠብቅ ወፍራም ጉምጉምታ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል እንበል። ኮምፕሬሰሩ ከፊት ከሆነ ጉምጉምታውን እንደ ዋና ድምፅ ቆጥሮ እግሩ ወለሉን በመታ ቁጥር ክራሩን ዝቅ ያደርገዋል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ኢኩላይዘር ከፊት ብታስቀምጡ ግን ኮምፕሬሰሩ የሚሰማው ክራሩን ብቻ ነው። ይህ ለተለመደው ክራር እንጂ ለቤዝ ክራር እንደማይሆን ልብ በሉ፤ የእርሱ ድምፅ ራሱ እዚያው ታች ነውና።

ሁለተኛው በቡድን ማሰር ነው። ከበሮውን፣ ጭብጨባውንና ተቀባዮቹን በየቡድናቸው ብታስሩ፣ የአንዱን ቡድን ድምፅ በአንድ መቆጣጠሪያ ከፍና ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ አንድ ኢፌክትም ለሁሉም ይበቃል። አከፋፈሉ ግን ማሰብን ይጠይቃል። ክራርና ማሲንቆ ሁለቱም ባለ ክር ናቸው ብለን በአንድ ቡድን ብናስራቸው እንሳሳታለን። ክራር ተመትቶ ወዲያው ይደበዝዛል፤ ማሲንቆ ግን በደጋን እየተሳበ እንደ ሰው ድምፅ ይረዝማል። አዝማሪ ሲዘፍን ማሲንቆው ድምፁን እየተከተለ ስለሚሄድ፣ እኔ ከድምፃዊው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። መሣሪያዎች የሚቧደኑት በተሠሩበት ነገር ሳይሆን በሙዚቃው ውስጥ በሚሠሩት ሥራ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ለጋራ የሚሆነውን በጋራ መጠቀም ነው። እያንዳንዱ ትራክ የራሱ ሪቨርብ ሲኖረው አድማጩ ተጫዋቾቹን በተለያየ ቤት እንደ ተቀመጡ አድርጎ ይሰማቸዋል። አንድ ሪቨርብ በሪተርን ትራክ ላይ አድርጋችሁ ከየትራኩ በሴንድ የሚበቃውን ያህል ብትልኩለት፣ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ወደ ፊት ቀረብ፣ ሌላው ወደ ኋላ ራቅ ይላል። በሪተርኑ ላይ ያለው ሪቨርብ ዋናውን ድምፅ እንዳይደግም፣ የኢፌክቱ ድርሻ 100 በመቶ ይሁን። በዚህም የኮምፒውተሩ ሸክም ይቀንሳል።

አራተኛው ስም ነው። «ኦዲዮ 14» ስም አይደለም። የትራክ ስም መሣሪያውን፣ ቅኝቱንና የማይክሮፎኑን አቀማመጥ ይናገር፤ ለምሳሌ «ማሲንቆ፣ አምባሰል፣ ቅርብ ማይክ፣ ያልተነካ»። የተጫዋቹ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ደግሞ በፕሮጀክቱ ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። ይህም ከቀረጻው በፊት ይሁን። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ስም ለማውጣት የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው።

አምስተኛውና ዋናው ጥሬውን ድምፅ መጠበቅ ነው። ኢፌክት ፋይሉን ሳይነካ በላዩ የሚደረብ ስለ ሆነ፣ እኛ ካላጠፋነው በቀር የመጀመሪያው ቀረጻ አይጠፋም። ኮምፒውተር ሲከብደው ትራኩን ለጊዜው የሚያቀዘቅዝ ትእዛዝ አለ፤ ኢፌክቶቹን ያሳርፋል፣ ስትፈልጉም ይመልሳቸዋል። እኔ ያን ጊዜ ይህን ማድረግ ይበቃኝ ነበር። በአብሌተን ላይቭ በየቦታው የተበተኑትን የድምፅ ፋይሎች ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር የሚሰበስብ ትእዛዝም አለ፤ ነገር ግን ከሌላ ድርጅት የመጡ ፕለጊኖችን አይሰበስብም። እነዚያ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ካልተጫኑ ሥራችሁ እንደ ነበረ አይከፈትም። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ እያንዳንዱን ትራክ ሁለት ጊዜ አውጡ፤ አንዱን ጥሬውን፣ ሌላውን ከነኢፌክቱ።

ይህ ጥንቃቄ በእኛ ሙዚቃ ላይ የበለጠ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ሶፍትዌሮቹ ሌላ ካልታዘዙ በቀር አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍሎች ይከፍሉታል። ማሲንቆ ግን መቆሚያ የተሠራለት አንገት የለውም፤ ክራርም የሚቃኘው በተጫዋቹ ጆሮ ነው። ስለዚህ የአንዱ አንቺሆዬ ከሌላው አንቺሆዬ በጥቂቱ ሊለይ ይችላል፤ ያ ጥቂት ልዩነት ሙያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ላይቭ 12 ከዚህ የእኩል ክፍፍል ውጭ የሆኑ ቅኝቶችን በፕሮጀክቱ ላይ ለመጫን ያስችላል። ተማሪዎቼ «ወርልድ» ወይም «ኤትኒክ» በሚል ፎልደር ውስጥ የተቀላቀሉትን ድምፆች አውጥተው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያሉ በየቅኝቱ እንዲያደራጁ፣ ከእያንዳንዱም ጋር ልኬቱ ከየትኛው ተጫዋች እንደ ተወሰደ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ልኬት ያለ ባለቤቱ ስም ግማሽ እውቀት ነውና።

«ኦዲዮ 14» ዛሬም በእጄ አለ። ስሙን አልለወጥሁትም፤ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች የምከፍተው የመጀመሪያ ፋይል እርሱ ነው።