ልጁ ስለ ትምህርቱ ይናገር፤ አስተርጓሚ ግን አይሁን

የ«ዮም ሆሪም» ጥሪ ከትምህርት ቤት በመጣ ቁጥር የሚጨነቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ በኢትዮጵያ ተማሪ «ወላጅህን ይዘህ ና» የሚባለው ባጠፋ ጊዜ ነበርና። በእስራኤል ግን ጥሪው ለሁሉም ወላጅ የሚደርስ ነው። ልጁ ጎበዝም ይሁን ሰነፍ፣ ቀን ተቆርጦ የክፍሉ ኃላፊ መምህርት (መኻኔኸት) እያንዳንዱን ወላጅ ታነጋግራለች።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበርካታ ትምህርት ቤቶች የውይይቱ መልክ ተለውጧል። ቀደም ሲል መምህርቷ ትናገራለች፣ ወላጅ ያዳምጣል፣ ልጁ ውጭ ይጠብቃል። አሁን ግን ሦስቱም አብረው ይቀመጣሉ፤ ንግግሩንም የሚጀምረው ተማሪው ነው። ደብተሩንና ፈተናዎቹን ይዞ ይቀርብና ምን እንደተማረ፣ የቱ እንደከበደው፣ ወደፊትም ምን ለማሻሻል እንዳሰበ ያስረዳል። ሌሎች ከሚወስኑለት ይልቅ በራሱ አፍ የገባውን ቃል ለመጠበቅ ይተጋል ተብሎ ይታመናል።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። በእኛ ባህል ጨዋ ልጅ በታላላቆቹ ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚቆመው። ባህሉን የማታውቅ መምህርት ግን ይህን ጨዋነት አለማወቅ አድርጋ ልትቆጥረው ትችላለች። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት አንድ ማታ ልጁን አስቀምጣችሁ በሚችለው አማርኛ ወይም ትግርኛ ስለ ትምህርቱ እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። «በመምህርትህ ፊት እውነቱን ተናገር፣ አልቆጣህም» በሉት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መለየት አለበት። ልጅ ስለ ራሱ መናገሩና ለወላጁ ማስተርጎሙ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መምህርቷ «የቤት ሥራ አይሠራም፣ ክፍል ውስጥ ይረብሻል» ብላ ስትናገር ልጁ «ጎበዝ ነው ትላለች» ብሎ ቢያስተረጉም ወላጅ በምን ያውቃል? እውነቱን ቢያስተረጉምም ጉዳት አለው። አባት በገዛ ልጁ አፍ ሲወቀስ፣ እናትም ልጇ ካልፈቀደላት መጠየቅ ሲያቅታት፣ የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል። ስለዚህ ጥሪው እንደደረሳችሁ አስተርጓሚ እንዲዘጋጅላችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። የማኅበረሰባችን አገናኝ ሠራተኛ (መጋሼር) ካለ እርሱ ይገኝ፤ ከሌለም ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ አዋቂ ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ።

በውይይቱም ላይ «በሴዴር ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው» በሚል መልስ ብቻ አትመለሱ። ይህ ጠባዩን እንጂ ዕውቀቱን አይገልጽም። የሚከተሉትን ጠይቁ፦

1. ማንበቡና መጻፉ ከክፍሉ ደረጃ ጋር እኩል ነው ወይስ ወደ ኋላ ቀርቷል?

2. በሂሳብና በእንግሊዝኛ በየትኛው የደረጃ ምድብ (ሐክባጻ) ነው የሚማረው? ከፍ ወዳለው ለመዛወርስ ምን ይጎድለዋል?

3. የሚረዳው ማን ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት?

ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ ሊዘነጋ አይገባም። በባግሩት ፈተና ሂሳብና እንግሊዝኛ በ3፣ በ4 ወይም በ5 ነጥብ (የሒዶት) ይሰጣሉ። በመካከለኛ ደረጃ በዝቅተኛው ምድብ የቀረ ልጅ ኋላ ወደ 5 ነጥብ መድረስ ይከብደዋል፤ በ3 ነጥብ ብቻ ደግሞ የማይገባባቸው የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች አሉ። ወላጅ ይህን የሚሰማው በ12ኛ ክፍል ከሆነ ጊዜው አልፏል።

ልጁ ወደ ልዩ ትምህርት እንዲዛወር ሐሳብ ከቀረበላችሁም ባልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። በ1988 የወጣው የልዩ ትምህርት ሕግ ወላጅ በኮሚቴው ፊት ቀርቦ እንዲናገር መብት ይሰጣል። በ2018 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ኮሚቴው ልጁ እርዳታ እንደሚገባው ከወሰነ በኋላ የሚማርበትን ቦታ ዓይነት የመምረጡን መብት በአብዛኛው ለወላጅ ሰጥቷል።

ከመነሳታችሁ በፊት ልጁ፣ ትምህርት ቤቱና እናንተ የምትሠሩት በወረቀት ይጻፍላችሁ፤ እንደገና የምትገናኙበትም ቀን ይቆረጥ። ዕብራይስጥ የማያነብ ወላጅ የሚሠራው የለም ማለት አይደለም። በየማታው በተወሰነ ሰዓት ቴሌቪዥኑንና ስልኩን አጥፍቶ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ዛሬ ምን ተማርክ? አስረዳኝ» ማለት ይችላል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላልና፣ በትምህርት ቤቱም በቤትም ጠይቁ።