ከወደቡ እስከ ጣና ዳርቻ

ሥራዬ ጅቡቲ ወደብ ላይ የማዳበሪያ ናሙና መውሰድ ነው። አገር ቤት የሚገባው ማዳበሪያ አብዛኛው በዚህ በር ያልፋል። በመርከብ ሆድ ውስጥ ተዘርግፎ ይመጣል፤ በ50 ኪሎ ጆንያ ተሞልቶ የሚሰፋው እዚህ ነው። ሲራገፍ በየመሃሉ እየዘገንኩ ለላቦራቶሪ እልካለሁ፤ እርጥበቱ፣ ናይትሮጅኑ ወይም ፎስፈረሱ ከውሉ ጋር ካልገጠመ ክርክር አለ። ዩሪያማ የዚህን አገር ወበቅ ጭራሽ አይችልም፤ የጆንያው አፍ ክፍት ከተተወ እርጥበት ስቦ ይጋግራል።

ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ጥላ ስር ተቀምጠው ያወጉኛል። አንድ የደምቢያ ልጅ ባሕሩን ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እዚህ እምቦጭ የለም እንዴ?» አለኝ።

«የለም፤ ጨው ይገድለዋል።»

«ታዲያ ጣናን ምን ነካው?»

«እምቦጩ ከሚበላው ጥቂቱን አንተው ጭነህለት ትሄዳለህ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ 19፣ 38፣ 7 ተብሎ ይሸጣል። 38 የሚለው የፎስፈረስ ኦክሳይዱ ድርሻ ነው፤ ንጹሑ ፎስፈረስ በአንድ ጆንያ 8 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እንደ እምቦጭ ሁሉ ፎስፈረስ የሚመገበው አልጌ ግን ሲደርቅ ፎስፈረሱ ከመቶ አንድ እጅ አካባቢ ብቻ ነው። እንግዲህ ሐይቅ የገባ 1 ኪሎ ፎስፈረስ 100 ኪሎ ያህል ደረቅ አልጌ ሊያበቅል ይችላል። የእርጥቡን ክብደት እናንተ ገምቱት።

ገበሬውን መውቀሴ አይደለም፤ ያለ ማዳበሪያ ጤፉም በቆሎውም እንደልብ አይሆንለትም። ፎስፈረስ አፈር ላይ ይጣበቃል፤ አፈሩ ማሳው ላይ ከቀረ አብዛኛው አብሮት ይቀራል። መገጭ፣ ርብና ጉማራ በክረምት ደፍርሰው ጣና ሲገቡ ይዘው የሚመጡት ግን ያንኑ አፈር ነው።

ሐይቁ ከተማ አጠገብ ሲሆን ማዳበሪያም አያስፈልግ፤ ሽንትና ሰገራው ይበቃል። የአባ ሳሙኤልን ግድብ ያየ ያውቀዋል፦ የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ ይወርድለታል፣ እምቦጩም እዚያው ይፋፋል። አሜሪካ ውስጥ የሲያትል ከተማም በዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ይህንኑ ስታደርግ ኖራለች። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹን ደረጃ በደረጃ ከሐይቁ አስወጡት፤ ብዙም ሳይቆይ አልጌው ቀነሰና ውሃው ጠራ።

ጣና ላይ እምቦጭ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ማሽንም ገብቷል። ድካሙን አላናንቅም። ነገር ግን የተነቀለው ዳር ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ፣ በውስጡ የያዘውን ፎስፈረስ ዝናብ አጥቦ መልሶ ለሐይቁ ይሰጠዋል። የምትነቅሉ ወገኖች፣ ክምሩን ከዳርቻው አርቁት። በጀት የምትይዙ ደግሞ ከማሽኑ በፊት አፈሩን ማሳው ላይ ለሚያስቀረው እርከንና ለፍሳሽ ማጣሪያው ያዙ።